ነቅቶ ወደ ቤት መግባት፦ የአንድ ቀን የካንሰር ቀዶ ሕክምና ከደብረ ታቦር እስከ ስማዳ

የዕለት ቀዶ ሕክምና የሚባለው ታካሚው ጠዋት ገብቶ፣ በዚያው ቀን ተቀዶ፣ ከማደንዘዣው ነቅቶ፣ ሌሊቱን በሆስፒታል ሳያድር ወደ ቤቱ የሚመለስበት አሠራር ሲሆን፣ በካንሰር ሕክምና ውስጥ ያለው ቦታ ባለፉት ግማሽ ምዕት ዓመታት በብዙ አገሮች እየሰፋ መጥቷል። አሠራሩ ሲነደፍ ግን ሁለት ነገሮች እንዳሉ ታስቦ ነው፤ አንደኛው ቤቱ ከሆስፒታሉ ቅርብ መሆኑ፣ ሁለተኛው ደግሞ በዚያ ቤት ውስጥ የሚያስታምም፣ የሚከታተልና ነገር ሲከፋ ታካሚውን በቶሎ የሚመልስ ሰው መኖሩ ነው። በደቡብ ጎንደር ባሉት በላይና በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ወረዳዎች ሁለተኛው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል፤ ታማሚን ብቻውን የሚተው ቤተሰብም ጎረቤትም በዚያ አገር ብርቅ ነው። የሚጎድለው የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ታካሚን «ወደ ቤት ሂዱ» ብሎ ለማሰናበት የሰውነቱን መንቃት መለካት ብቻውን አይበቃም፤ መንገዱና ቤቱም እንደ ደም ግፊትና እንደ ትንፋሽ ሊለኩ ይገባል።

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በጉና ተራራ ዙሪያ፣ ከተራራውም በስተ ደቡብና በስተ ምሥራቅ የተዘረጉ የደቡብ ጎንደር ወረዳዎች ናቸው። ጉና ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,100 ሜትር በላይ ይነሣል፤ የላይ ጋይንት ከተማ ነፋስ መውጫ 3,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ከዚያ ወደ ታች ጋይንትና ወደ ስማዳ ሲወረድ ደጋው ወደ ወይና ደጋ፣ ወይና ደጋውም ወደ ቆላ እየተለወጠ እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ ሸለቆ ይዘልቃል። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ወልድያ የሚያልፈው፣ ሕዝቡ የቻይና መንገድ እያለ የሚጠራው ዋና መንገድ ነፋስ መውጫን ከደብረ ታቦር ያገናኛታል፤ ርቀቱም 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሆስፒታሉ የሚገኝባት ደብረ ታቦር ደግሞ ከባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የስማዳ ወረዳ ከተማ ወገዳና የእስቴ ከተማ መካነ ኢየሱስ ግን ከዚህ ዋና መንገድ ወጣ ብለው የሚገኙ ናቸው፤ ከእነዚህ ከተሞች ወደ ገጠር ቀበሌዎች ሲገባም የመጨረሻው የጉዞ ክፍል በእግር፣ በበቅሎ ወይም በቃሬዛ የሚሄዱበት ነው። የዓለም የቀዶ ሕክምና ሁኔታን ያጠናው የላንሴት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ሪፖርት ሰው መሠረታዊ ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥ ተቋም በ2 ሰዓት ውስጥ መድረስ እንዲችል መለኪያ አስቀምጧል። ይህ መለኪያ ወደ ሆስፒታል ስለመምጣት የተነገረ ነው፤ በዕለቱ ታክሞ ወደ ቤት ለሚሄድ ሰው ግን ሰዓቱ ከቤት ወደ ሆስፒታል መመለስ ለሚያስፈልግበት ሌሊትም ይቆጠራል።

የዕለት ቀዶ ሕክምና ታሪክ ራሱ ይህን ሐሳብ ይደግፋል። የስኮትላንዱ ሐኪም ጄምስ ኒኮል በግላስጎው የሕፃናት ሆስፒታል ውስጥ ሕፃናት አልጋ ሳይዙ በዕለቱ የተሸኙባቸውን 8,988 ቀዶ ሕክምናዎች ውጤት እ.ኤ.አ. በ1909 ለእንግሊዝ ሐኪሞች ማኅበር ሲያቀርብ፣ ብዙዎች ቁጥሩን አስታውሰው የቀረውን ዘንግተውታል። ኒኮል ሕፃናቱን ወደ እናቶቻቸው የመለሰው ነርሶች ከቤት ቤት እየሄዱ ቁስሉን እንዲያዩ አድርጎ ነበር፤ ጡት ለሚጠቡ ሕፃናት ደግሞ እናቶቻቸው አብረዋቸው የሚቆዩበት ቤት በሆስፒታሉ አቅራቢያ እንዲኖር አድርጓል። ስለዚህ የዕለት ቀዶ ሕክምና ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁለት ግማሾች ነበሩት፤ አንዱ በቀዶ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ የሚሠራው፣ ሌላው ከክፍሉ ውጭ ታካሚውን የሚከተለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ዋላስ ሪድና ጆን ፎርድ በአሜሪካ ፊኒክስ ከተማ ራሱን የቻለ የዕለት ቀዶ ሕክምና ማዕከል ሲከፍቱና አሠራሩ በዓለም ሲስፋፋ፣ ሁለተኛው ግማሽ በመኪናና በስልክ ተተክቶ ከዓይን ተሰወረ። መኪናም ስልክም በማይደርስበት ቀበሌ ግን እንደገና ይታያል፤ ያም ግማሽ ካልተሟላ የመጀመሪያው ምንም ያህል በጥበብ ቢሠራ ሥራው ጎዶሎ ነው።

በዕለቱ የሚሠራው የትኛው ነው?

ካንሰር ሁሉ በአንድ ቀን ቀዶ ሕክምና የሚወገድ አይደለም። የጉሮሮ ቧንቧ፣ የአንጀት፣ የጉበትና የኦቫሪ ዕጢዎች ቀናት ወይም ሳምንታት የሚያስተኙ ትልልቅ ቀዶ ሕክምናዎችን ይጠይቃሉ፤ ጡትን ከነብብት ዕጢዎቹ ማንሣትም በአንዳንድ አገሮች በዕለቱ የሚሸኙበት ቢሆንም፣ ከቁስሉ ውስጥ ፈሳሽ የሚያወጣውን የጎማ ቱቦ ይዞ ረጅም መንገድ መጓዝ ስለሚያስቸግር በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ብዙ ጊዜ ታካሚዋ ተኝታ ትታከማለች። በዕለቱ የሚሠሩት ትንንሾቹና በጊዜ የተደረሰባቸው ናቸው፤ ይህም ማለት አሠራሩ ለጋይንትና ለስማዳ ሴት የሚጠቅማት ከሁሉ በፊት ምርመራው ቀድሞ ሲያገኛት ነው።

ከእነዚህ ውስጥ ቀዳሚው የማኅፀን በር ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2020 ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ በአንድ ዓመት ከ77 ሺህ በላይ አዲስ የካንሰር ሕሙማን የነበሩ ሲሆን፣ ከ16 ሺህ በላይ የሚሆኑት በጡት፣ ከ7 ሺህ በላይ የሚሆኑት ደግሞ በማኅፀን በር ካንሰር የተያዙ ናቸው። የማኅፀን በር ካንሰር የሚመጣው ሂዩማን ፓፒሎማ በሚባለው ቫይረስ ሲሆን፣ ቫይረሱ ከገባበት ጊዜ እስከ ካንሰሩ ድረስ ብዙ ጊዜ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ በዚህ መካከል ሕዋሳቱ ተለውጠው ገና ወደ ውስጥ ያልዘለቁበት ጊዜ ቅድመ ካንሰር ይባላል። ጤና ባለሙያዋ የማኅፀኑን በር ከ3 እስከ 5 በመቶ የሚሆን አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም ኮምጣጤ ውስጥ የሚገኘውን አሲድ፣ ቀብታ አንድ ደቂቃ ያህል ስትጠብቅ የተለወጠው ሥፍራ ነጭ ሆኖ ይታያታል። ነጩ ሥፍራ ትንሽና ሙሉ በሙሉ የሚታይ ከሆነ በዚያው ቀጠሮ በክራዮቴራፒ፣ ማለትም በኃይለኛ ቅዝቃዜ፣ ወይም በ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በጋለ መሣሪያ ለአንድ ደቂቃ እንኳ በማይሞላ ጊዜ በመተኮስ ይወገዳል፤ ይህንንም የሠለጠነች ነርስ ወይም አዋላጅ በጤና ጣቢያ ልትሠራው ትችላለች። ሥፍራው ሰፊ ወይም ወደ ውስጥ የገባ ሲሆን ግን ሊፕ የተባለው ሕክምና ያስፈልጋል፤ ይህም ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት ቀጭን የሽቦ ቀለበት የታመመውን ክፍል ቆርጦ ማውጣት ነው። በመተኮስና በሊፕ መካከል ያለው ልዩነት ኋላ ለሚነገረው ነገር መሠረት ነው፤ መተኮስ ሥጋውን ስለሚያጠፋው ለላቦራቶሪ የሚላክ ነገር አይተርፍም፣ ሊፕ ግን የሚመረመር ናሙና ይሰጣል።

ሁለተኛው መስክ የዓይንና የቆዳ ነው። በዓይን ነጭ ክፍል ላይ፣ ከጥቁሩ ጠርዝ አጠገብ፣ ሥጋ መሰል ነገር ሆኖ የሚወጣው የዓይን ገጽ ካንሰር ከፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረርና ከኤች አይ ቪ ጋር የተያያዘ መሆኑ በምሥራቅ አፍሪካ በሚገባ የታወቀ ሲሆን፣ የዓይን ማደንዘዣ ተሰጥቶ በአጭር ጊዜ ይነሣል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይህ ጨረር ስለሚበረታ የጉና አካባቢ ገበሬ ባርኔጣ የሚለብስበት ምክንያት ከዝናብና ከብርድ በላይ ሊሆን ይገባል። በቆዳ በኩል ደግሞ ለረጅም ዓመታት ሳይድን የቆየ ቁስል ወይም የቆየ የእሳት ቃጠሎ ጠባሳ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል፤ በምድጃ ዙሪያ ሕፃናት በሚቃጠሉበት ገጠር ይህ መዘንጋት የሌለበት ነው። ጡት ውስጥ ያለን እብጠት ለምርመራ ቆርጦ ማውጣትም በዕለቱ ከሚሠሩት አንዱ ነው።

መንቃት

መንቃት ደረጃ በደረጃ የሚመጣ ነገር ሲሆን፣ ደረጃዎቹም እንደ ማደንዘዣው ዓይነት ይለያያሉ። በቦታው ብቻ የሚያደነዝዘው ሊዶካይን ሲሰጥ ታካሚዋ አእምሮዋ ሳይደነዝዝ ትቆያለች፤ የምትነቃው እርሷ ሳትሆን ቁስሏ ነው። ሊዶካይን ብዙውን ጊዜ ከአድሬናሊን ጋር ይቀላቀላል፤ አድሬናሊን የደም ሥሮቹን አጥብቦ መድማቱን ይቀንሳል፣ መድኃኒቱንም በቦታው ያቆየዋል፤ ያም ሆኖ ከ2 ወይም ከ3 ሰዓት በኋላ ድንዛዜው ይለቃል። ከደብረ ታቦር ተነሥታ ወደ ነፋስ መውጫ የምትሄድ ሴት ሕመሙ የሚይዛት እንግዲህ በመኪናው ውስጥ፣ በመንገዱ እኩሌታ ላይ ነው። መፍትሔው ቀላል ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነው፤ የሕመም ማስታገሻው ሕመሙ እስኪመጣ ሳይጠበቅ፣ ድንዛዜው ሳይለቅ፣ መኪና ከመሳፈሯ በፊት መዋጥ አለበት።

ከወገብ በታች የሚያደነዝዘው የጀርባ መርፌ ሌላ ባሕርይ አለው። መድኃኒቱ በአከርካሪው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ጋር ይቀላቀልና እግር ለ2፣ ለ3፣ አንዳንዴም ለ4 ሰዓት እንዳይንቀሳቀስ ያደርጋል። እግር ሲመለስ መንካትን መለየትና ጉልበት ቀስ በቀስ ይመጣሉ፤ የፊኛ ሥራ ግን ሊዘገይ ስለሚችል ታካሚው ሽንቱን ሳይሸና መሸኘት የለበትም። በመንገድ ላይ ሽንት የያዘው ሰው ጭንቀቱን ለሹፌር እንኳ ለመናገር ያፍራል፤ ፊኛም ከመጠን በላይ ሲወጠር ሊጎዳ ይችላል። ከዚህ ሌላ መርፌው በአከርካሪው ሽፋን ላይ በሚተወው ቀዳዳ ፈሳሹ ሲያፈስ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ኃይለኛ ራስ ምታት ሊነሣ ይችላል፤ መለያውም ሲቀመጡና ሲቆሙ መክፋቱ፣ ሲተኙ መቅለሉ ነው። ይህ ራስ ምታት ወጣት ሴቶችን ይበልጥ ያጠቃል፤ አብዛኛውን ጊዜም በዕረፍት፣ በፈሳሽና በማስታገሻ ያልፋል፤ በቡና ውስጥ ያለው ካፌይንም እንደሚያግዝ በሕክምናው የታወቀ ነውና ቡና የማይጠፋበት ቤት በዚህ በኩል አይከስርም። ትኩሳትና የአንገት መገተር የተጨመሩበት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ስለሆነ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መመለስ ይገባል።

ሦስተኛው ኬታሚን ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ተቀምሞ በ1970 በአሜሪካ ለሕክምና የተፈቀደው ይህ መድኃኒት ትንፋሽን እንደ ሌሎቹ ስለማያዳክም፣ የደም ግፊትንም ስለማይጥል፣ ኦክስጅንና መሣሪያ በሚያጥርባቸው የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ብዙ ሕይወት ያተረፈ ነው። በደም ሥር ሲሰጥ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ያሠራል፤ አነቃቁ ግን የተለየ ነው። ታካሚው ዓይኑ ተገልጦ፣ ግራና ቀኝ እየተንቀጠቀጠ፣ ምራቁ እየበዛ፣ በቦታው የሌለ ነገር ሊያይና ሊሰማ፣ ሊያለቅስ ወይም ሊጮህ ይችላል። ይህ በሰዓታት ውስጥ የሚያልፍ የመድኃኒቱ ጠባይ መሆኑ ለአስታማሚው አስቀድሞ ካልተነገረው፣ በበር ቆሞ ጩኸቱን የሚሰማ ወንድም ወይም ልጅ ሕመሙ ወደ አእምሮ እንደ ዞረ ወይም ክፉ መንፈስ እንደ ያዘው ቢያስብ አይፈረድበትም። ጸጥ ያለ ቦታ፣ የሚታወቅ ድምፅና ከመተኛቱ በፊት የተነገረ ጥቂት የማረጋጊያ ቃል አነቃቁን እንደሚያለዝቡ የማደንዘዣ ባለሙያዎች ያውቁታል፤ ስለዚህ እናትን ወይም ሚስትን ወደ ማገገሚያው ክፍል ማስገባት የሥርዓት መጣስ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ የሕክምናው አካል ነው።

ለመንቃት መለኪያ የሰጠው አልድሬቴ የተባለ የማደንዘዣ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው መመዘኛ አምስት ነገሮች፣ ማለትም እጅና እግርን ማንቀሳቀስ፣ መተንፈስ፣ የደም ግፊት፣ ንቃትና የቆዳ ቀለም፣ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 2 ነጥብ ይሰጣቸዋል፤ ከ10 ነጥብ ቢያንስ 9 ያገኘ ታካሚ ከማገገሚያው ክፍል ይወጣል። የቆዳ ቀለም ለሐኪም ዓይን አስተማማኝ ምልክት ስላልሆነ፣ በተለይም በጥቁር ቆዳ ላይ የኦክስጅን እጥረትን ለማየት ስለሚያስቸግር፣ በ1995 እ.ኤ.አ. በጣት ላይ በሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ተተካ። መለኪያው በዓለም ጤና ድርጅት የ2008 እ.ኤ.አ. የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ዝርዝር ውስጥ የገባ ሲሆን፣ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ላይፍቦክስ የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ አገሮች ለሆስፒታሎች ሲያከፋፍለው ቆይቷል።

በጋይንት ደጋ ላይ ግን የኦክስጅን መለኪያው የሚያሳየው ቁጥር ማስተዋል ይጠይቃል። አየሩ ከፍ ባለ ቁጥር ስለሚሳሳ ከባሕር ጠለል የመጣ ሰው በነፋስ መውጫ ከፍታ የኦክስጅን መጠኑ ዝቅ ይላል። የደጋው ተወላጅ ግን እንደ እንግዳው አይደለም። አንትሮፖሎጂስቷ ሲንቲያ ቢያልና ባልደረቦቿ በሰሜን ተራሮች፣ አምባራስ በምትባል 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ በምትገኝ መንደር የሚኖሩ ሰዎችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት የሰዎቹ የኦክስጅን መጠን በአማካይ 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል፤ ደማቸውም እንደ አንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች አልወፈረም ነበር። ኋላ የተደረጉ ጥናቶች ይህን ግኝት በሁሉም ቦታ በእኩል ባይደግሙትም፣ ለማደንዘዣ ባለሙያው የሚሰጠው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ታካሚዋ ከመደንዘዟ በፊት የነበራት ቁጥር ተጽፎ፣ ስትነቃ የሚለካው ከዚያ ጋር ይነጻጸር። በተጨማሪም ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ከዚያ ወደ ነፋስ መውጫ የሚሸኘው ታካሚ መንገዱ ሽቅብ ነው፤ በሆስፒታሉ በር ላይ የበቃው ኦክስጅን ከ400 ሜትር ሽቅብ በኋላ ሊያንስ ይችላል። ጤነኛ ሳንባ ያለው ሰው ይህን ሳይሰማው ያልፈዋል፤ ሳንባው በጭስ ወይም በቆየ የሳንባ ነቀርሳ የተጎዳ ሰው ግን ያን ሌሊት በደብረ ታቦር ቢያድር ይሻለዋል።

መንገዱና ቤቱ

ከማገገሚያ ክፍል መውጣትና ወደ ቤት መሄድ ሁለት የተለያዩ ፈቃዶች ናቸው። ለሁለተኛው ፈቃድ የቶሮንቶዋ ሐኪም ፍራንሲስ ቹንግ ባዘጋጀችው መመዘኛ ነርሷ የደም ግፊትንና የልብ ምትን፣ ለመራመድ መቻልን፣ ማቅለሽለሽን፣ ሕመምንና መድማትን ትመዝናለች፤ በዚህም ቢያንስ 9 ነጥብ ያገኘ ሰው ከአዋቂ አስታማሚ ጋር ሊሸኝ ይችላል። አምስቱም ስለ ሰውነት የሚጠይቁ ናቸው። ለደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ወረዳዎች ሌሎች ጥያቄዎች መታከል አለባቸው፤ ታካሚዋ ከመኪና ከወረደች በኋላ ስንት ሰዓት በእግሯ ትሄዳለች? ክረምት ሆኖ ወንዙ ከሞላ ማን ያሻግራታል? በሌሊት ብትደማ ስልክ የሚሠራው የትኛው ኮረብታ ላይ ነው? በቀበሌው ውስጥ የታመመን ሰው በቃሬዛ የሚሸከሙ ሰዎችስ ተነግሯቸዋል? ቃሬዛ በአማራ ገጠር ከቆየ የመረዳዳት ሥርዓት የተወለደ ስለሆነ በዚህ ሁሉ ውስጥ ከማንኛውም አምቡላንስ ቀድሞ የሚደርሰው እርሱ ነው፤ ሐኪሞችም እንደ ባህል ቅርስ ብቻ ሳይሆን እንደ ሕክምናው ሥርዓት አንድ ክፍል ሊቆጥሩት ይገባል።

በዚህ ላይ የሰላም እጦት ተጨምሯል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ነፋስ መውጫ ደርሶ የከተማዋ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭትም መንገድ ሲዘጋ፣ ስልክና ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ቀጠሮን ያሳልፋል። መንገድ ነገ መከፈቱ በማይታወቅበት ወቅት ዛሬ የሚደረግ ሽኝት ከወትሮው ይልቅ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

መድማትን በተመለከተ ጊዜው መታወቅ አለበት። ከሊፕ በኋላ ሁለት የመድማት ጊዜያት አሉ፤ የመጀመሪያው በሰዓታት ውስጥ ሲሆን ታካሚዋ ገና በሆስፒታሉ ሳለች ይታያል። ሁለተኛው የተቃጠለው ሥፍራ ቅርፊቱን ሲጥል፣ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት ማብቂያና በሁለተኛው ሳምንት ውስጥ ይመጣል፤ ያኔ ሴትየዋ ወገዳ አካባቢ ባለው መንደሯ ውኃ እየቀዳችና እንጨት እየለቀመች ልትሆን ትችላለች። ዶክተሩ ደሙን ለማቆም ሞንሰል የተባለ የብረት ንጥረ ነገር ያለበት ቅባት ተጠቅሞ ከሆነ፣ በቀጣዮቹ ቀናት እንደ ቡና አተላ የጠቆረ ነገር ይወጣታል፤ ይህ አያስፈራም። ለሳምንታት የሚቆይ ውኃ መሰል ፈሳሽም የተለመደ ነው። የሚያስፈራው በአንድ ሰዓት ውስጥ ጨርቅ የሚያርስ ቀይ ደም፣ የሚሸት ፈሳሽ፣ ትኩሳት ወይም የሚበረታ የሆድ ቁርጠት ሲሆን፣ ከእነዚህ አንዱ ሲታይ እስከ ቀጠሮ መጠበቅ አይገባም። ለአንድ ወር ያህል ከግንኙነት መቆጠብ ግዴታ ስለሆነ ይህን ለባልየውም ሐኪሙ ራሱ ሊነግረው ይገባል፤ ለሴትየዋ ብቻ ከተተወ ሸክሙ በእርሷ ላይ ይወድቃል፤ ባልየውም ምክንያቱን ካልሰማ ትእዛዙን የእርሷ ፈቃድ ብቻ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። ከጀሪካን ውኃና ከጭነት እንጨትም ቢያንስ እስከ ሁለት ሳምንት መራቅ ይኖርባታል፤ ይህም ሌላ ሰው እንዲተካት ቤተሰቡ አስቀድሞ መስማማት እንዳለበት ያመለክታል።

ለቆዳና ለጡት ቁስል መመሪያው ይቀላል። ሽፋኑ ለሁለት ቀን ሳይከፈትና ሳይረጥብ ይቆያል፤ ጸበል የሚሄዱ ቁስሉን ሸፍነው ከራሳቸው ላይ ብቻ በጥቂቱ ቢያስረጩ ወይም እስኪደርቅ ቢቆዩ እምነቱን ሳይተዉ ቁስሉን ይጠብቃሉ፤ በዚህም ካህናቱ ከሐኪሙ ጋር እንዲነጋገሩ ማድረግ ከመከልከል የበለጠ ፍሬ አለው። ፓራሲታሞል ለአዋቂ በየ6 ሰዓቱ 1 ግራም፣ በቀን ከ4 ግራም ሳይበልጥ ይወሰዳል፤ ዲክሎፌናክ የሚጨመር ከሆነ በምግብ ላይ መሆን አለበት፤ የጨጓራ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው አይወስደውም። ኬታሚን ወይም ሌላ ሙሉ ማደንዘዣ የወሰደ ሰው ለ24 ሰዓት በቅሎ አይጋልብም፣ ብቻውን እሳት ዳር አይቀመጥም፣ ጠላና አረቄ አይጠጣም፣ የመሬት ውልም አይፈርምም። አጥሚትና ሾርባ በመጀመሪያው ምሽት ይበቃዋል፤ የጉና ጠመዝማዛ መንገድ ከመድኃኒቱ ጋር ተደምሮ የሚያቅለሸልሸው ሰው ከመሳፈሩ በፊት ጥቂት ብቻ መቅመሱ ይበጀዋል።

ከሁሉ የሚቀድመው ማሻሻያ ግን ማደሪያ ነው። ኢትዮጵያ ለዚህ የሚሆን የራሷ ልምድ አላት፤ በጉራጌ የሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከሩቅ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ምጣቸው እስኪደርስ የሚቆዩበትን ማረፊያ የከፈተ ሲሆን፣ ሐሳቡ ኋላ የእናቶች ማቆያ በሚል ስም በአገሪቱ ብዙ ጤና ጣቢያዎች ተስፋፍቷል። ለነፍሰ ጡር የተገኘው ጥበብ ለካንሰር ታካሚ የማይሠራበት ምክንያት የለም። በደብረ ታቦር ሆስፒታል አጠገብ ጥቂት ፍራሽ፣ ማብሰያና ውኃ ያለው ክፍል ቢኖር፣ የስማዳ ታካሚ በዕለቱ ታክማ የሆስፒታል አልጋ ሳትይዝ ሁለት ሌሊት ከአስታማሚዋ ጋር ታድራለች። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሞከር ከአማራ ክልል ወረዳዎች ውስጥ የደቡብ ጎንደሯን ፎገራን አካትቶ የጀመረው ይህ ሥርዓት፣ ሪፈር ይዞ ለመጣ ሰው የሕክምናውን ወጪ ይሸፍናል፤ መጓጓዣንና ማደሪያን ግን አይሸፍንም። ድሀን በደብረ ታቦር የሚያስቸግረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

የናሙናው መልስ

የዕለት ቀዶ ሕክምና ከተለመደው የበለጠ ሊሳሳት የሚችልበት አንድ ሥፍራ አለ፤ ታካሚዋ ቤቷ ስትገባ ሕመሙ እንዳለቀ ማመኗ ነው። የወጣው ሥጋ 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ፣ ፈሳሹ ከሥጋው 10 እጥፍ ያህል ሆኖ፣ ተቀምጦ ፓቶሎጂስት ወዳለበት ላቦራቶሪ ይላካል፤ ሥጋው ደርቆ ከቆየ ወይም ፈሳሹ ካነሰ ይበላሻል። ፓቶሎጂስቱ የሚነግረው ሁለት ነገር ነው፤ ካንሰር መሆን አለመሆኑን፣ እንዲሁም የተቆረጠው ጠርዝ ንጹሕ መሆን አለመሆኑን። ጠርዙ ንጹሕ ከሆነ ሥራው በዚያው ያበቃ ሊሆን ይችላል። ካልሆነ፣ ወይም ካንሰሩ ወደ ውስጥ የዘለቀ ሆኖ ከተገኘ፣ ሌላ ትልቅ ቀዶ ሕክምና፣ ኪሞ ወይም ጨረር ይከተላል፤ ለረጅም ዓመታት ደግሞ በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር።

ይህ መልስ በሳምንታት ውስጥ ሲመጣ ታካሚዋ በሆስፒታሉ የለችም። ተኝታ የታከመች ሴት ቢያንስ ስፌት ለማስወጣት ትመለሳለች፤ በዕለቱ የታከመች ግን ቁስሏ ደርቆ፣ መንገዱ ረዝሞ፣ የትራንስፖርት ገንዘብ አጥታ፣ «ድኛለሁ» ብላ ልትቀር ትችላለች። ወረቀቱ ደግሞ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ በቤቷ የሚያነብ ተማሪ ቢገኝ እንኳ የሕክምናውን ቃል አያውቀውም። ስለዚህ ከመሸኘቷ በፊት በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ልትቀበል ይገባል፤ በላዩም ምን እንደ ተሠራላት፣ በየትኛው ምልክት ወዲያው እንደምትመለስ፣ ናሙናው የት እንደ ተላከና መልሱ በስንተኛው ሳምንት እንደሚደርስ ይጻፍበታል። ሁለተኛ ቅጂ በግብረ መልስነት ወደ ላካት ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ከዚያም የቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ትደርሰዋለች። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በገጠር ቀበሌዎች የተሰማሩት እነዚህ ባለሙያዎች የታካሚዋን ቤት ያውቃሉ፤ በመንደሯ ስልክ ባይኖርም ወደ ቀበሌው ገበያ የምትወጣበትን ቀን ያውቃሉ፤ የኒኮል ነርሶች በግላስጎው ይሠሩት የነበረውን ሥራ በስማዳ ለመሥራት ከእነርሱ የተሻለ የለም።

መልሱ ቅድመ ካንሰር ብቻ መሆኑን ካሳየና ጠርዙም ንጹሕ ከሆነ፣ ሴትየዋ በዓመቱ ለክትትል ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ትመለሳለች፤ ኤች አይ ቪ ያለባት ከሆነች ክትትሉ ይበልጥ ይጠብቃል። ሴት ልጅ ካላት ደግሞ በ2011 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የተጀመረውን፣ በመጀመሪያም ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የተሰጠውን የቫይረሱን ክትባት ስለ ልጇ መጠየቅ ያለባት በዚያው ቀጠሮ ነው። መልሱ ካንሰር ካለ ግን ጤና ጣቢያው ቀጠሮዋን ሳይጠብቅ ሰው ልኮ ያስጠራታል፤ የሪፈር ወረቀቱ፣ የጤና መድን ደብተሯና የናሙናው ውጤት በአንድ ላይ ተያይዘው፣ አስታማሚዋም አብሮ፣ ወደ ሚቀጥለው ሆስፒታል የምትሄድበት ቀን በዚያው ሰዓት ይቆረጥላታል።